ጥቂት ውሃ ስለሚበቃው የአትክልት ቦታና ስለ አጋቬ ተክል
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

የዛሬው ንግግራችን ስለ ግቢ አትክልት ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከውሃ ጋራ የተያያዘ በመሆኑ ከቤተሰብ ወጪም፣ ከጎረቤት ጋራ ካለን ኑሮም የሚለይ አይደለም። በተለይም በበረሃ ተወልዶ ጥቂት ውሃ የሚበቃውን፣ አጋቬ የተባለውን ተክል በለገጣፎና እርሷን በመሳሰሉት ከተሞች ግቢ ውስጥ እንዴት መትከል እንደሚገባ፣ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ሳንደብቅ ለመግለጽ እንሞክራለን።

እንደሚታወቀው፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ለገጣፎ፣ በምዕራብ ያለችው ቡራዩ፣ ከእንጦጦ ተራራ ወዲያ ያለችው ሱሉልታ፣ በደቡብ ምዕራብ ያለችው ሰበታ ዛሬ ጧት ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ማታ የሚመለስ የብዙ ሠራተኛ መኖሪያ ሆነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ሰው ከዋናው ከተማ ወጣ ብሎ ቤት ሲሠራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው ጥቂት ባዶ መሬት አግኝቶ ሣርና አበባ መትከልን ነው። ምኞቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ደረቅ ሲሆን፣ በክረምት የለመለመው ሣር ይገረጣል። የቧንቧውም ውሃ በፈረቃ ይሆንና የቤቱ ባለቤት ለልብስ ማጠቢያና ለወጥ ቤት የሚሆነውን ውሃ ለሣሩ ላጠጣ ወይስ ሣሩን ልተወው እያለ ያመነታል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ አንዱ ክፍል የሚመጣው ከለገዳዲ ግድብ ነው፤ ይህም ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀ ሲሆን የሚገኘው ከለገጣፎ አጠገብ ነው። ከለገዳዲ ቀድሞ የተሠራው የገፈርሳ ግድብ ደግሞ በቡራዩ አጠገብ ይገኛል። በግድቡ ጎረቤት ተቀምጦ ጀሪካን ይዞ ውሃ የሚጠብቅ ሰው ሲታይ “የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው” የተባለው ተረት ትዝ ይላል። ግድቡ የሚይዘው በክረምት የዘነበውን ነው፤ የያዘውም ለሚሊዮኖች የሚከፋፈል ነው። ስለዚህ የግድቡ ቅርበት ውሃን ለማባከን ምክንያት ሊሆነን አይገባም። እንዲያውም ውሃው ከየት እንደሚመጣ በዓይናችን የምናይ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ልንቆጥበው ይገባናል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ሚሊሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲፈስ አንድ ሊትር ይሆናል። በበጋ ወራት ለምለም ሆኖ እንዲቆይ የተፈለገ ሣር ፀሐይና ነፋስ የሚወስዱበትን ለመተካት በቀን አራት ሚሊሜትር ገደማ ውሃ ያስፈልገዋል ብለን እንገምት። የሣሩ ስፋት መቶ ካሬ ሜትር ቢሆን በቀን 400 ሊትር ማለት ነው፤ ይህም ሃያ ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ሲለካ ሃያ ጀሪካን ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉትን አራት ወራት በ120 ቀን ብናሰላው 48,000 ሊትር ይደርሳል። አምስት ሺሕ ሊትር የሚይዝ ሮቶ በጣራችን ሥር ቢኖረን እንኳ ለዚህ ሣር የሚበቃው ለአሥራ ሁለት ቀን ተኩል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በቦቴ ውሃ መግዛት ወይም ሣሩን ማድረቅ ግዴታ ይሆናል።

በዚያው ቦታ አሥር የአጋቬ ተክሎች ቢኖሩ ግን፣ ሥር ከሰደዱ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ ለእያንዳንዳቸው አሥር ሊትር ብናጠጣቸው በአንድ ጊዜ መቶ ሊትር፣ በአራቱ ወራትም ቢበዛ ስድስት መቶ ሊትር ይበቃቸዋል። ይህ ለሣሩ ከሚያስፈልገው ከሰማንያ እጅ አንዱ ነው። በክረምት ከጣራ ላይ ወርዶ ሮቶ የሞላው ውሃ ለእነርሱ ተርፎ ለጎመኑም፣ ለጤና አዳሙም ይዳረሳል። ቀሪው የቧንቧ ውሃ ለሰው ይሆናል።

ይህን የመሰለ አሳብ በሌላው አገርም ከታሰበበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ያለው የአትክልት ቦታ “ዜሪስኬፕ” የሚል ስም አወጣለት። ቃሉ የተመሠረተው ደረቅ ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል ነው። ትርጉሙ ግን ግቢን በረሃ ማድረግ አይደለም። አስቀድሞ ማቀድ፣ አፈርን ማስተካከል፣ ሣርን በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ መወሰን፣ ለአገሩ አየር የሚስማማ ተክል መምረጥ፣ በመጠን ማጠጣት፣ አፈሩን በጠጠር ወይም በገለባ መሸፈን፣ በመጨረሻም ያለማቋረጥ መንከባከብ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ አስተዋይ የሆነ ገበሬያችን ስም ሳያወጣላቸው ሲያደርጋቸው የኖሩ ሥራዎች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ተክሉ እንመለስ። አጋቬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ዘሩ በብዛት የሚገኘውም በሜክሲኮ ሲሆን ከሁለት መቶ የሚበልጡ ዓይነቶች እንዳሉት የዕፅዋት ሊቃውንት ይናገራሉ። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1753 ያወጣለት የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ ነው፤ ቃሉም በግሪክ ቋንቋ የከበረ፣ የተደነቀ ማለት ነው። እኛም ተክሉን ፈጽሞ የማናውቀው እንግዳ አይደለም። በእንሰት ጭረት የምናውቀውን ቃጫ የሚለውን ስም ሰጥተነው በየመንገዱ ዳርና በየአጥሩ ሥር እናየዋለን። ለገመድና ለጆንያ የሚሆን ጭረት የሚወጣውም ከዘመዱ፣ አጋቬ ሲሳላና ከሚባለው ዓይነት ነው። በትግራይ አፈር እንዳይሸረሸር በእርከንና በቦረቦር ዳር ይተከላል።

የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ከዚህ ተክል ያላገኙት ጥቅም የለም ማለት ይቻላል። ከቅጠሉ ገመድና ልብስ ሠርተዋል፤ የቅጠሉን ጫፍ እሾህ ከነጭረቱ ስበው መርፌና ክር አድርገውበታል፤ ከግንዱ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ አብላልተው ጠጥተውታል። ዛሬ ተኪላ የሚባለው መጠጥ የሚወጣውም ከአንዱ የአጋቬ ዓይነት ነው። በካሊፎርኒያና በአሪዞና በረሃ የሚበቅለውን የበረሃ አጋቬ ደግሞ ካዊያ የተባሉት የአገሩ ተወላጆች ልቡን በጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ አብስለው ይመገቡት ነበር።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣበትም ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ሪቻርድ ሂንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ የእርሻ ባለሙያ አንድ ሺሕ የሲሳል ችግኝ ከፍሎሪዳ አዝዞ ወደ ታንጋኒካ አስመጣ። ከዚያ ሁሉ በሕይወት የደረሱት 62 ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ ከ62ቱ ተባዝቶ ግን ታንጋኒካ በዓለም የታወቀች የሲሳል አገር ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ምርቷ ወደ 230,000 ቶን ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው ሠራሽ ጭረት ገበያውን ስለ ያዘ ዋጋው ወደቀ፤ ብዙ እርሻም ጠፍ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ይህ ተክል ከጥቂት ተነሥቶ እጅግ የሚበዛ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ማንኛውም ተክል ስለ መጣ ብቻ ሀብት እንደማያመጣ፣ የሚያዋጣውን አስቀድሞ ማመዛዘን እንደሚያሻ ነው።

አጋቬ ድርቅን የሚችልበት ምሥጢር ምንድን ነው? ሌሎች ዕፅዋት ምግባቸውን ለመሥራት በቀን የቅጠላቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከፍተው አየር ይስባሉ፤ በዚያው በተከፈተው በር ግን ውሃቸው በፀሐይ ተንኖ ይወጣል። አጋቬ ይህን አያደርግም። ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግቶ ይውልና አየሩ በቀዘቀዘ ጊዜ፣ በሌሊት ይከፍታል። በሌሊት የሳበውንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ በቅጠሉ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሲነጋ በሩን ዘግቶ፣ በፀሐይ ብርሃን እየታገዘ ምግቡን ይሠራበታል። ዶሴውን ሁሉ በሌሊት ተቀብሎ፣ በቀን ቢሮውን ቆልፎ ያለ ሁካታ የሚጨርስ ጸሐፊ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ቅጠሉ ወፍራም ስለሆነ ውሃ ያከማቻል፤ ላዩ ሰም በሚመስል ነገር የተሸፈነ ነው፤ ሥሩም ከመሬት ገጽ ሳይርቅ ወደ ጎን ተዘርግቶ ጥቂት ካፊያ እንኳ ቢጥል ፈጥኖ ይጠጣል።

ከዚህ ላይ አድማጮች በተለይ እንዲያስተውሉት የምንፈልገው አንድ ከባድ ነገር አለ። አጋቬን ብዙ ሰው ከእሬት ጋራ ያሳስተዋል። ሁለቱም ወፍራምና ጥርሳም ቅጠል ስላላቸው ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። እሬት የአፍሪካና የዐረብ አገር ተክል ሲሆን በአገራችን ብቻ ከአርባ የማያንሱ ዓይነቶች አሉት፤ ከእነርሱም አንዱ በደብረ ብርሃን ስም የተጠራ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ነው። እሬት ነው በማለት የአጋቬን ፈሳሽ ፊቱን የሚቀባ ወይም ቁስል ላይ የሚያደርግ ሰው ግን ራሱን ይጎዳል። በአጋቬ ቅጠል ውስጥ በዓይን የማይታዩ መርፌ መሰል ብናኞችና ቆዳን የሚያቃጥል ፈሳሽ ስላሉ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይልጣል፤ ዓይን ውስጥ ቢገባ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው።

መለያቸው ግን አያስቸግርም። የእሬት ቅጠል ሲሰበር ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ውስጡም ዝልግልግ ያለና መራራ ቢጫ ፈሳሽ ያለው ነው። የአጋቬ ቅጠል ግን በጭረት የተሞላ ስለሆነ በእጅ ቢታጠፍ አይሰበርም፣ ቢጎትቱት እንደ ገመድ ይመዘዛል። የአጋቬ ቅጠል ጫፍ ጠንካራና ጥቁር መርፌ አለው፤ የእሬት ግን እንዲህ ያለ መርፌ የለውም። እሬት በየዓመቱ ከጎኑ ያብባል፤ አጋቬ የሚያብበው ከመካከሉ ነው፣ እርሱም በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ለልጆችና ለቤት ሠራተኞች ጭምር ማስተማር ተክሉን ከመትከል የሚቀድም ግዴታ ነው።

አሁን ደግሞ ተክሉ ለለገጣፎ ይስማማ እንደሆነ እንመልከት። ለገጣፎ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደጋ ናት። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በዓመት በአማካይ ወደ 1,100 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ ከዚህም ከሦስት እጅ ሁለት እጅ የሚበልጠው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠራቅሞ ይወርዳል። እንግዲህ የእኛ ችግር ዝናብ አለመኖሩ አይደለም፤ በአራት ወር የመጣው ስምንት ወር እንዲያሻግረን ማድረጉ ነው። ከዚህም የተነሣ ለአጋቬ በለገጣፎ የሚያሰጋው ጠላት የበጋው ድርቅ ሳይሆን የክረምቱ ረግረግ ነው። በተለይ መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ይዞ አይለቅም። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ አጋቬን መትከል በገንዳ ውስጥ እንደ መትከል ይቆጠራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሥሩ ይበሰብሳል፣ በመስከረም ቅጠሉ ይወድቃል። ብዙ ሰውም “ድርቅ ይችላል ያልከኝ ተክል ሞተብኝ” ብሎ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከፍ ያለ መደብ ማዘጋጀት ነው። ከመሬቱ ገጽ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ጉብታ ይሠራ። ለዚህም የግንባታ ሠራተኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሁለት እጅ፣ አፈር አንድ እጅ፣ በጣም ጥቂት የበሰለ ብስባሽ ጨምሮ ማደባለቅ ይበቃል። ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ የተረፈው ድንጋይና ጠጠር ከግቢ ከሚጣል በጉብታው ሥር ቢደረግ ውሃውን ያሳልፋል። በጉብታው ዙሪያም የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቀደድ። ፍግ ማብዛት አይገባም፤ የተመቸው አጋቬ ቅጠሉ ይለሰልስና ውርጭና ብስባሴ ይጎዱታል።

ሁለተኛው ሥራ ዓይነቱን መምረጥ ነው። ሰፊ ግቢ ላለው ሰው አጋቬ አሜሪካና የሚባለው ይስማማል፤ ይህ ዓይነት ጥቂት ውርጭ ይችላል። ነገር ግን አድጎ እስከ ሁለት ሜትር ከፍታና እስከ ሦስት ሜትር ስፋት የሚደርስ መሆኑን ሰው መዘንጋት የለበትም፤ ስንዝር በምታህል ችግኝ ተታልሎ በበር አጠገብ የተከለ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ በገዛ ቤቱ መግቢያ ያጣል። ቅጠሉ ለስላሳና እሾህ የሌለው አጋቬ አቴኑዋታ ለልጆች የማያሰጋ፣ መልኩም ያማረ ነው፤ ሆኖም የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ስለሚያቃጥለው ከግድግዳ ተጠግቶ ወይም በጣራ ክንፍ ሥር ቢተከል ይሻላል። ግቢው ጠባብ ለሆነበት ሰው በእንግሊዟ ንግሥት በቪክቶሪያ ስም የተጠራው ትንሹ ዓይነት በማሰሮ ወይም በሳጥን ውስጥ ይበቃዋል። ከላይ የጠቀስነው እውነተኛው የበረሃ አጋቬ ግን የለመደው ዝናብ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የእኛን ክረምት በሜዳ ላይ ይችለዋል ብሎ መገመት ያስቸግራል። ዘሩን ያገኘ ሰው ቢኖር ጠጠር በሞላበት ማሰሮ ተክሎ በክረምት ከዝናብ ቢያስጠልለው መልካም ነው። ለጭረት የሚሆነው ሲሳልም ውርጭ የማይወድ የቆላና የወይና ደጋ ተክል ነው።

ሦስተኛው ሥራ አተካከሉ ነው። አጋቬ ከሥሩ ዙሪያ ትንንሽ ችግኞችን ያወጣልና ገንዘብ አውጥቶ መግዛት ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ከጎረቤት አንድ መለመን ይበቃል። ችግኙ በስለት ተቆርጦ ከተነሣ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ አንድ ሳምንት ያህል በጥላ ሥር ይቀመጥ። ቶሎ ቢተከል ቁስሉ ይበሰብሳል፤ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” እንደ ተባለው ነው። የሚተከልበትም ምቹ ጊዜ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ ይህ ያመለጠው ሰው የካቲትን ይጠብቅ። በሰኔና በሐምሌ መትከል ለሌላው ችግኝ ደንብ ቢሆንም ለዚህ ግን አይሆንም። የችግኙ አንገት በአፈር አይቀበር። ላዩ በጠጠር ይሸፈን እንጂ በሣር ወይም በገለባ አይሸፈን፤ ገለባው እርጥበት ይዞ አንገቱን ያበሰብሰዋል። በመጀመሪያው በጋ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ውሃ ይጠጣ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ አስቀድመን እንደ ተናገርነው በየሦስት ሳምንቱ፣ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ማጠጣት ይበቃል። ዝናብ ሲጀምር ማጠጣቱ ፈጽሞ ይቁም።

በምሥራቅ አፍሪካ የሲሳል እርሻዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ነቀዝ አለ፤ በተክሉ ልብ ውስጥ ገብቶ ይበላዋል። መካከሉ በድንገት የላላና የሸተተ ተክል ቢታይ ነቅሎ ከግቢ ማስወገድ እንጂ ይድን ይሆናል ብሎ ማቆየት ለሌሎቹ አይበጅም።

አራተኛው ጉዳይ ጥንቃቄ ነው። እሾሃማው አጋቬ ከመተላለፊያ፣ ከበርና ከልጆች መጫወቻ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ። የቅጠሉ ጫፍ ላይ ያለው መርፌ በመቀስ ቢቆረጥ ተክሉ አይሞትም፤ መልኩ ጥቂት ይቀንስ እንደሆነ ነው እንጂ፣ የልጅ ዓይን ከመልክ ይበልጣል። ቅጠሉን የሚቆርጥ ሰው ጓንት ያጥልቅ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበስ፣ ዓይኑንም ይሸፍን። በመጋዝ ወይም በማጨጃ መሣሪያ መቁረጥ ፈሳሹን ስለሚረጨው እጅግ ያሰጋል። ለአጥር እንዲሆን በመንገድ ዳር የሚተክል ሰው ደግሞ በማታ የሚያልፈውን እግረኛ ያስብ፤ አጥር ሌባን መከልከል አለበት እንጂ መንገደኛን መውጋት የለበትም።

ከዚህም ጋራ የተነቀለውን ችግኝ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ግጦሽ መሬት መጣል የለብንም። በደቡብ አፍሪካ አጋቬ በካሩ ምድር በድርቅ ጊዜ ለከብት መኖ ሆኖ ጠቅሟል፤ ነገር ግን በዚያው አገር ሲሳል ከተተከለበት ቦታ ወጥቶ ነባሩን ተክል ስለሚያስለቅቅ ከወራሪ ዕፅዋት ተርታ ተመዝግቧል። እኛም በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ባሕር ዛፍ እናውቃለን። አዲስ አበባን ከማገዶና ከመሥሪያ እንጨት ችግር አውጥቷታል፤ በምንጭና በእርሻ ዳር ሲተከል ግን ውሃ ይመጣል እየተባለ እስከ ዛሬ ይከሰሳል። ባዕድ ተክል በቦታው ሲሆን አገልጋይ፣ ያለ ቦታው ሲሆን ጌታ ይሆናል።

ስለዚህም ግቢያችንን ሁሉ አጋቬ እንድናደርገው አንመክርም። አጋቬ ለዓይን ማረፊያ ሁለት ሦስት ቢሆን ይበቃል። በዙሪያው የአገራችን ተክሎች ቢኖሩ የበለጠ ያምራል፤ ድርቅ መቻልም የአሜሪካ ተክሎች ብቻ ጸጋ አይደለም። እሬት በበጋ በቀይና በብርቱካን ቀለም ያብባል። ጦስኝ በድንጋይ መካከል ተዘርግቶ መሬቱን ይሸፍናል፣ ለሻይም ይሆናል። ጤና አዳምና አሪቲ ለቡናውም ለሽታውም አሉ። የጥብስ ቅጠልም የአገራችን ተወላጅ ባይሆን እንኳ ከተከሉት በኋላ ብዙ ውሃ አይጠይቅም። ቀጋ ለአጥር ይሆናል። ቦታ ላለው ሰው አንዲት የወይራ ችግኝ ብትተከል ለልጅ ልጅ ትተርፋለች። ሣርም ፈጽሞ ይቅር አንልም፤ ልጆች የሚጫወቱባት፣ ቤተሰብ በእሑድ ቀን የሚቀመጥባት አንዲት ትንሽ መደብ ብትኖር፣ መቶው ካሬ ሜትር አሥራ አምስት ቢሆን፣ ውሃው በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤

ስለ አጋቬ አበባ ሳንናገር ብንለያይ ነገሩ ይጎድላል። ይህ ተክል ዓመት ከዓመት አያብብም። አጋቬ አሜሪካና ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት፣ የበረሃው ዓይነት ደግሞ ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ድረስ ኀይሉን ሲያጠራቅም ይኖራል። ፈረንጆች በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ያብባል ብለው የመቶ ዓመት ተክል የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ይህ ግን የተጋነነ ነው። ጊዜው ሲደርስ ከመካከሉ አንድ ግንድ ይወጣና በየቀኑ ዕድገቱ በዓይን እየታየ ስምንት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በቢጫ አበባም ይሞላል። በዚያን ጊዜ ወፍራሞቹ ቅጠሎች ያከማቹትን ሁሉ ለአበባው ሰጥተው ይሟሽሻሉ፤ አበባው ሲረግፍ እናቲቱ ትደርቃለች። ከሥሯ የወጡት ልጆች ግን ቦታዋን ይወርሳሉ። ይህ በሽታ አይደለም፤ የተፈጥሮ ደንቧ ነው። ያን ጊዜ የደረቀውን ግንድ ቆርጦ ማንሣትና ከልጆቿ አንዱን መርጦ ማስቀረት ነው የባለቤቱ ሥራ።

በመንግሥት ሥራ የቆየ ሰው የዚህን ተክል ጠባይ ለመረዳት አይቸገር ይሆናል። ዛሬ የሚተክለው ሰው አበባውን የሚያየው ልጁ ትምህርት ጨርሶ ቤት ሲይዝ፣ እርሱም ጡረታ ሲወጣ ሊሆን ይችላል። “ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እንደሚባለው በችኮላ የማይገኝ ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ ግን በየዓመቱ የሚገኝ ፍሬ አለው፤ ይህም በጥቅምትና በኅዳር በግቢያችን ሳይፈስ የቀረው ውሃ ነው። አንዱ ቤት በቀን ሃያ ጀሪካን ውሃ በሣር ላይ ሲያፈስ፣ በዚያው መንገድ አንዲት ልጅ ትምህርቷን ትታ በቦኖ ውሃ ፊት ተሰልፋ ትቆማለች። በአንድ ሰፈር ሃምሳ ቤት ይህን ሣር በግማሽ ቢቀንሱ በቀን አምስት መቶ ጀሪካን ይተርፋል ማለት ነው፤ ሒሳቡ ማንም ሊያጣራው የሚችል ነው።

እንግዲህ የተናገርነውን በአጭሩ ለመጠቅለል፣ በለገጣፎም ሆነ በቡራዩ፣ በሱሉልታም ሆነ በሰበታ የአትክልት ቦታ ለማበጀት የምታስቡ ሁሉ፣ መጀመሪያ ውሃችሁን ቁጠሩ፤ ቀጥሎ አፈራችሁን ከፍ አድርጉና ጎርፉን አሳልፉ፤ የግቢያችሁን ስፋት አይታችሁ ዓይነቱን ምረጡ፤ እሾሁን ከልጆች አርቁ፤ አጋቬን ከእሬት ለዩ፤ ከባዕዱም ተክል ጎን የአገራችሁን አትርሱ። ይህን ያደረገ ሰው በበጋ የማይገረጣ ግቢና በወር መጨረሻ የማያስደነግጥ የውሃ ሒሳብ እንደሚያገኝ እናምናለን።